የሌላ ሰው ፊት ያለበት በር

እኛ ፎቅ ላይ ሰው ሰላም ከማለቱ በፊት በር ያያል። ለእኔማ ዋና ሥራዬ ነው። ጠዋት ዳዊቴን ደግሜ ስጨርስ ጋቢዬን እደርብና ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር እሄድበታለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ድሮ ውጭ ቀርቷል፤ እዚህ ውስጥ ወበቅ ነው። ጋቢው ለወግ ነው። ጋቢ የደረበች አሮጊት ስትቆም ሰው ደክሟት ነው ይላል እንጂ ልታይ ነው አይልም።

እያንዳንዱ በር ላይ የባለቤቱ የዕለቱ መልክ ይወጣል። ጠዋት ሰው በየቤቱ በተሰቀለው መስታወት ፊት ቆሞ የሃይማኖቱን ቃል ያነባል፣ ቃሉ ውስጡን ይቀሰቅሰዋል፣ መስታወቱ የተቀሰቀሰውን ይዞ በር ላይ ያወጣዋል። እስከ ማታ እዚያው ነው። ሁሉም የየራሱን ነው የሚያነበው። ጎረቤቴ ኢክራም ቁርኣኗን ትቀራለች፤ በሯ ላይ ሁሌም ራሷ ናት፣ አንዳንድ ቀን ቆማ፣ አንዳንድ ቀን ተቀምጣ። ተቀምጣ የዋለች ቀን ገብቼ እጫወታለሁ፤ ቆማ የዋለች ቀን አላንኳኳም። ጥግ ላይ ያሉት መሐንዲስ በር ላይ ደግሞ ጀርባቸውን የሰጡ ሰውዬ አሉ። ከገቡ ጀምሮ ዞረው አያውቁም። ሚስታቸው ጠዋት ጠዋት ቀድማ ወጥታ ታያለች፣ ከዚያ ምንም እንዳላየች ሆና ወደ ሊፍቱ ትሄዳለች። እኔም ምንም እንዳላየሁ እሆናለሁ። ለኢክራም ብቻ ነው የምነግራት።

ስሜ ሀሴት ነው፣ የአሮጊት ስም። የእኔ እኩዮች ሁሉ ወይ ሀሴት ናቸው፣ ወይ ሶልያና፣ ወይ ኤልዳና። የዛሬ ወጣቶች ደግሞ ተዋበች፣ ሽብሩ እየተባሉ ዘመናዊ ስም ይወጣላቸዋል። ትምህርቴ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ዳዊቱን የተማርኩት የኔታ ዘንድ ነው፤ እሳቸው ንባቡን አስጨበጡኝ እንጂ ትርጓሜው ላይ አላደረሱኝም። ስለዚህ ግዕዙ እንደ ዝናብ ነው የሚወርድልኝ። አፌ ይላል፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው። ጠላት የሚለውን ቃል ብቻ የትም ቢደበቅ ለይቼ አውቀዋለሁ።

ችግሩ የጀመረውም ከዚሁ ነው። መስታወቱ የገባ ጊዜ ሰው ሁሉ በየበሩ ላይ ራሱ ሲወጣ፣ የእኔ በር ላይ ኤልዳና ወጣች።

ኤልዳና ፊት ለፊቴ ያለችው ናት። ዕድሜያችን እኩል ነው፣ ያደግነውም አንድ ሰፈር ነው። ተጣልተናል። በምን እንደተጣላን ሁለታችንም ረስተነዋል፤ መጣላታችንን ግን አልረሳንም። በራሷ በር ላይ የምትወጣው ኤልዳና ነጭ የለበሰች፣ ቀጥ ብላ የቆመች፣ ከጠጉሯ አንዲት ዘለላ ያልተነቃነቀች ናት። የእኔ በር ላይ የምትወጣው ኤልዳና ግን አፏ ጠሟል፣ ዓይኗ ጠቧል፣ እጇ የሰው ድስት ክዳን ላይ ነው። ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ። ዳዊቱ ላይ ጠላት በመጣ ቁጥር የማስገባው እሷን ነው። እናቴም እንዲሁ ነበር የምታደርገው፤ በሰው ላይ ዳዊት መድገም ይሉት ነበር። የሐሙስ ክፍል ደግሞ ጠላት ይበዛበታል፤ ሐሙስ ሐሙስ ኤልዳና በሩን ሞልታ ትውላለች።

እሷ ብቻም አይደለችም። ከንፈሬ መዝሙሩ ላይ እያለ እኔ መሐንዲሱ ቤት ነኝ፣ ከዚያ ኢክራም ጓዳ፣ ከዚያ ታች አዲስ የገቡት ሙሽሮች ዘንድ። መስታወቱም የሄድኩበትን ሁሉ ያወጣዋል። ጠዋት ጠዋት ሰው ዛሬ ደግሞ ማን ወጣ እያለ በራፌ ላይ ይሰበሰብ ጀመር። የሰው ቤት የጠፋበት እንግዳ ሥዕሉን አይቶ እኔን ያንኳኳል። እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ እዚያ በር ላይ ያየኝ የለም። ከሥዕሉ ሥር ትንሽ ጽሑፍ አለች፤ "ባለቤቷ አልተገኘችም" ትላለች። እኔ ውስጥ ሻይ እየጠጣሁ።

እንዲሁ ኖሬ እንዲሁ ብሞት ቅር አይለኝም ነበር። ተዋበች ወለደች እንጂ።

ተዋበች የኤልዳና ምራት ናት። እሷም ባሏም የሚሠሩት አፋር፣ ጨው ሜዳው ላይ ነው፤ ወር እዚያ ከርመው ሳምንት እዚህ ፎቅ ላይ ባላቸው ቤት ያርፋሉ። ሴት ልጅ ወለደች። በአሁኑ ሕግ እናትና አባት በሌሉበት ልጅ የምትይዘው ክርስትና እናት ናት። ክርስትና እናት ከሌለች ልጁ ምድር ቤት ያለው ማቆያ ይገባል። ማቆያው ንጹሕ ነው። ግድግዳው ይዘፍናል፣ አልጋው ያወዛውዛል፣ ልጅ ሲያለቅስ የእናቱን ድምፅ አስመስሎ እሹሩሩ ይላል። እዚያ ያደጉ ልጆች ደህና ናቸው፣ ሰላምታ ይሰጣሉ። ሰው ሲያቅፋቸው ብቻ ይደነግጣሉ።

ኤልዳና አያት ናት፣ ግን እጇ ይንቀጠቀጣል፤ እንኳን ሕፃን ብርጭቆ አትይዝም። ስለዚህ ተዋበች አንድ ቀን ነጠላዋን አጣፍታ እኔ ዘንድ መጣችና ክርስትና እናት ይሁኑልኝ አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ልጆቼን ኩዬ ድሬ ብቻዬን የቀረሁ ሴት ነኝ፤ ቤቴ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ ነገር ከጠፋ ቆይቷል። እንደማትቀልድ ሲገባኝ ተቀመጥኩ። እሺ አልኳት። ያን ቀን ሳልበላ ነው የጠገብኩት።

ሕጉ ግን አንድ ነገር ይላል። ልጅ የምትቀበል ሴት መስታወት ፊት ስታነብ የራሷ መልክ መውጣት አለበት። ራሷን የማታውቅ የሰው ልጅ አታሳድግም ነው ነገሩ። ክፉ ሕግ አይደለም። ግን የእኔ በር ላይ ማን እንደሚውል ፎቁ ሁሉ ያውቃል። ኤልዳና በማግስቱ የብሎኩ ቢሮ ወርዳ ተቃውሞ አስገባች። እዚያ የተናገረችው እሷ ሳትመለስ እኔ ጆሮ ደረሰ። ከወሬኛ እጅ ማቆያው ይሻላል ብላለች።

ቢሮው ሽብሩን ላከልኝ። የመልክ ሐኪም ነው፣ በር ላይ የሚወጣውን መልክ የሚመረምር፤ አራተኛ ፎቅ የሚኖር፣ ቀጭን፣ ጨዋ ልጅ። ሳልነግረው ጫማውን አወለቀ። ያንብቡ አለኝ፣ አነበብኩ። መሐንዲሱ ወጡ፣ ኢክራም ወጣች፣ ኤልዳና ወጣች፣ መሐንዲሱ ተመለሱ። ሽብሩ አልሳቀም።

"እማማ ሀሴት፣ ጠላት የሚለው ጋ ሲደርሱ የት ነው የሚሄዱት?"

"ፊት ለፊት" አልኩትና በአገጬ የኤልዳናን በር አሳየሁት።

"እዚያ ማንም የለም። ቃሉ ስለ ሌላ ሰው አይደለም የሚያወራዎት። ጠላቱም እርስዎ ነዎት፣ የሚሸሸውም እርስዎ፣ የሚያለቅሰውም እርስዎ። ቤት ነው ብለው ያስቡት፤ ክፍሉ ሁሉ የእርስዎ ነው።"

"ይሄን ሁሉ ክፍል ብቻዬን ምን ላደርገው?"

ያኔ ትንሽ ፈገግ አለ። ቀስ ብለው ያንብቡ፣ እያንዳንዱ ቃል ጋ ቆም ይበሉና ይሄ የእኔ የቱ ጋ ነው ብለው ይጠይቁ አለኝ። ሳነብም የግዕዙ አማርኛ መስታወቱ ላይ እንዲወጣልኝ አደረገና ሄደ።

ልጁ የሚያውቀውን ነው የነገረኝ፤ ይህን አልክድም። ስንት ዘመን የደገምኩት ነገር ምን እንደሚል ያኔ ገባኝ። ልመና ነው። ለካ በየማለዳው ጮክ ብዬ ስለምን ኖሬያለሁ፣ የምለምነውን ሳላውቅ። አንዳንዱን እግዜር ሰጥቶኛል፣ እኔ ግን አመስግኜም አላውቅ።

ስለ ክፉ ምላስ የሚናገረው ጋ ስደርስ ድሮ የማስበው የኤልዳናን ነበር። ቆም አልኩና ይሄ የእኔ የቱ ጋ ነው አልኩ። የራሴን ምላስ በጣቴ ነካሁት። ሳቄ መጣ፣ ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። ያን ቀን በር ላይ ምላስ ወጣ። ሌላ ምንም የለም፣ ምላስ ብቻ፣ በሩን ሙሉ። ጽሑፏም "ባለቤቷ በከፊል ተገኝታለች" አለች። ኢክራም አንኳኩታ እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ። ከተገኘሽ አይቀር ከምላስሽ መጀመርሽ ትክክል ነው፣ ከሌላ ብትጀምሪ አንቺ መሆንሽን በምን እናውቅ ነበር አለች።

ከዚያ ወዲያ ግን አልሄደልኝም። ጠላት ጋ ስደርስ እንደለመድኩት ኤልዳናን አመጣለሁ፤ ሽብሩ ያለኝ ትዝ ይለኛል፤ እሷን አውጥቼ ራሴን ላስገባ እሞክራለሁ። እሷስ መውጣቱን ወጣች፤ እኔ አልገባ አልኩ። ምን እንደምመስል አላውቅማ። የወጣትነት ፎቶዬ ሺህ ነው፤ ግን የእኛ ዘመን ስልክ ፊት አሳምሮ ነበር የሚያነሳ። ቆዳችንን ያለሰልሳል፣ ዓይናችንን ያሰፋል፣ አፍንጫችንን ያቀጥናል። እኔም ሆንኩ ሶልያና፣ ፎቶው ላይ ሁላችንም አንድ ልጅ ነን። ስናረጅ ደግሞ መስታወቱ መጣና የሰው ፊት ያሳየኝ ጀመር። የራሴን መቼ ልየው? የጠላት ቦታ ባዶውን ቀረ።

ከቦታዋ የወጣችው ኤልዳና መዝሙሩ ውስጥ ማረፊያ አጥታ ስትዞር ከረመች። አንድ ማለዳ ስለ ለምለም ሣርና ስለ ውኃ የሚያወራው ቦታ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። እኔ ሂጂ አላልኳትም። በር ላይም እንዲሁ ወጣች፤ ሣር ላይ ተቀምጣ የልጅ ልጇን ታቅፋለች፣ እጇ አይንቀጠቀጥም።

ከበሩ ጀርባ ቆሜ በማያ ቀዳዳው አየሁ። ኤልዳና ከቤቷ ወጣች። እንደ ሁልጊዜው አንገቷን ሰብራ ልታልፍ ነበር፣ ቆመች። ቀኝ እጇን ወደ ሥዕሉ አነሣች። የእሷ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የሥዕሉ እጅ ዝም ብሏል። ሊፍቱ መጣ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ሄደ። እሷ እንደቆመች ናት። በኋላ ለኢክራም ልነግራት ሄጄ ነበር። ሻይ ጠጥቼ ሳልነግራት ተመለስኩ። ይሄ እኔ ላይ ደርሶ አያውቅም።

ክርስትናው ሲቃረብ ተዋበች ልጇን ይዛ መጣች። ፈርቼ ነበር። ልጄ፣ የእኔ ነገር አልሆነም፣ ማቆያ ከምትገባ ከሌላ ፎቅ አንዷን ጨዋ ፈልጊ አልኳት። እሷ የምታጠባትን ልጇን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረቻት።

"እማማ፣ የእኔን በር አይተውታል?"

አይቼዋለሁ። ግድግዳ የተደገፈች፣ የደከማት ሴትዮ ናት ያለችው። አላየሁም አልኳት።

"እርስዎ የማያዩት በር የለም" አለች። "ጠዋት ሳነብ የማገኘው እሷን ነው። አንድ ጊዜ ከጨው ሜዳ ስመለስ ግን እርስዎ በር ላይ እኔ ነበርኩ። ሻንጣዬን ይዤ፣ ጠጉሬ አቧራ ጠጥቶ። ቆንጆ ነበርኩ፣ እማማ። ይቺ ማን ናት ብዬ ቆሜ ነበር። ልጄንም እንደዚያ አድርጎ የሚያያት ሰው ነው የምፈልገው።"

ልጅቷን ተቀብዬ ትከሻዬ ላይ አደረግኋት፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩ፣ አገሳች።

የምርመራው ዕለት ሐሙስ ዋለ። ከቀን ሁሉ ሐሙስ።

ምድር ቤት ባለው ትልቁ መስታወት ፊት አቆሙኝ። ሽብሩ በጎኔ ቆመ። ከኋላ ተዋበች ልጇን ታቅፋ ተቀመጠች፤ ከእሷ ራቅ ብላ ኤልዳና አለች፣ ተቃውሞዋን ልታጸና ነው የመጣችው። በግድግዳው ማዶ ማቆያው ይዘፍናል። ያው ዘፈን ሲያልቅ ያው ዘፈን ይጀምራል።

ዳዊቴን ገልጬ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ነው ያነበብኩት፣ ሽብሩ እንዳስተማረኝ። መጀመሪያ መስታወቱ ጉም ብቻ ነበር። ጠላት የሚለው ጋ ደረስኩ። ኤልዳና የወንበሯን ጠርዝ ስትጨብጥ ገልመጥ ብዬ አየኋት፤ አሁን በሰው ሁሉ ፊት ታወጣኛለች ብላ ነው። ቃሉ አለፈ፣ ማንም አልወጣም። ሁለተኛው መጣ፣ ማንም አልወጣም። ሦስተኛውም አለፈ። ወንበሩን ለቀቀችው። እኔ እዚያ ጉም ውስጥ ራሴን ፍለጋ ቀጠልኩ፣ የቱ ጋ ነኝ፣ የቱ ጋ ነኝ እያልኩ።

ሕፃኗ አስነጠሰች።

በቃ፣ ሐሳቤ ሄደ። ይማርሽ ማለት አልችልም፣ እያነበብኩ ነው። ይቺ ልጅ ስታድግ ምን ትመስል ይሆን አልኩ፣ በማን ታሾፍ ይሆን፣ ማንስ ያሾፍባት ይሆን። አፌ ብቻውን ቀጠለ። ቀና ስል መስታወቱ ላይ አንዲት ወጣት ቆማለች። ጠይም ናት፣ ግንባሯ ሰፊ፣ ነጠላዋ ካንድ ትከሻዋ ወርዷል። ሳቋን በመዳፏ አፍና ወደ ጎን ሰው ታያለች፣ ሰውየው አላወቀባትም። የተዋበች ልጅ ናት፣ አድጋ። እኔ እንደዚያ ነው የገባኝ። የሌላ ሰው ፊት አወጣሁ፣ ወደቅኩ አልኩ በልቤ።

ሽብሩ ሥዕሉን አየ፣ እኔን አየ።

"እማማ፣ ማን ናት?"

መዋሸት እችላለሁ፤ ሲያስፈልግ በደንብ እችላለሁ። ግን ዳዊቱ እጄ ላይ ገና አልተከደነም ነበር። ከግድግዳው ማዶ ዘፈኑ አልቆ እንደገና ሲጀምር ሰማሁ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ከኋላዬ ወንበር ሲጢጥ አለ።

"እሷ ናት" አለች ኤልዳና።

ሽብሩ ዞሮ፣ ተቃዋሚዋ እኮ እርስዎ ነዎት አላት።

"ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ስትስቅ አፏን ትይዝ ነበር። ነጠላ ትከሻዋ ላይ ቆሞላት አያውቅም። ፎቶ አምጡ እንዳትል፤ የእኛ ዘመን ፎቶ የማንም ፊት አይደለም። እኔ ምስክር ነኝ፣ ጻፍ።"

ለእኛ ዕድሜ ሰው አብሮ አደግ ምስክር እንደሚበቃ ሕጉ ላይ አለ። ሽብሩ ጻፈ። ሲጽፍ ቀና ብሎ ኤልዳናን አንዴ አያትና ጽፎ ጨረሰ። ተዋበች ተነሥታ ልጇን ክንዴ ላይ አኖረቻት። ትኩስ ነበረች፣ ከባድም ነበረች፤ ሕፃን እንዲህ እንደሚከብድ ረስቼው ኖሯል።

እሑድ ክርስትና ተነሣች። ውኃው ሲነካት የጮኸችው ጩኸት አባቷ የሚሠራበት ጨው ሜዳ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ከካህኑ እጅ ተቀበልኳት፣ በነጭ ጠቀለልኳት፣ አዝዬ ልሂድ ስል ተዋበች ዛሬን ብቻ ተዉልኝ፣ ነገ ልሄድ ነው ብላ ወሰደቻት። እናቷ ናት፣ ምን ይባላል። ከነገ ጀምሮ የእኔ ናት።

ብሎኩ ስንደርስ ተዋበችና ባሏ ልጅቷን ይዘው በመጀመሪያው ሊፍት ወጡ፤ ሁለተኛው ውስጥ እኔና ኤልዳና ብቻችንን ቀረን። ሊፍቱ ዕድሜው እንደኛ ነው፣ እያሰበ ነው የሚነሣው። ሁለታችንም ቁጥሩን እናያለን።

"ለምን ዋሸሽልኝ?" አልኳት።

"ማን ዋሸ?"

"ልጅቷ ናት እኮ፣ አድጋ። እኔ እሷን ነበር ሳስብ የነበረው።"

ዞራ አየችኝ። ስንት ዓመት እንዲያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።

"አንቺ ነሽ። እንደዚያ ነበርሽ። ሁላችንም አይተንሻል፤ ያላየሽው አንቺ ብቻ ነሽ።"

ከትከሻዬ የወረደውን ነጠላዬን መለስኩ። ሊፍቱ ተነሣ። ኤልዳና ጠጋ አለችኝና፣ ከእኛ በቀር ማንም ሳይኖር፣ ድምጿን ቀነሰች።

"ይልቅ የዚያን የሽብሩን በር አይተሽዋል?"

አላየሁም፤ አራተኛ ፎቅ የምሄድበት ዘመድ የለኝም አልኳት።

"ሁሌም አንዲት ሴት ናት አሉ ያለችው።"

"ሚስት አለችው እንዴ?"

"እሱ ነው እኮ ነገሩ" አለች።

አራትን ልትጫን እጇን ዘረጋች። ጣቷ ተንቀጠቀጠና ሳተችው፣ ደግማ ሳተችው። እኔ ተጫንኩላት።